«ምን ብዬ ልጀምር?»

ደብዳቤ ሲጽፉ እንዳግዛቸው ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጉዳያቸውን አሳምረው ያውቁታል። ምን እንደደረሰባቸው፣ ማን ምን እንዳላቸው፣ ምን እንደሚፈልጉ ቁጭ ብለው ይነግሩኛል። እስክሪብቶ ሲያነሱ ግን አንድ ጥያቄ ይይዛቸዋል። «ምን ብዬ ልጀምር?»

ብዙዎች ይህን የችሎታ ማነስ አድርገው ያዩታል። በእኔ እምነት ግን ጥያቄው ትልቅ ነው። ሰውየው ከሚያነበው ሰው ፊት እንዴት እንደሚቆም ነው የጨነቀው። ልለምን? ልጠይቅ? ልቆጣ? እንደ ልጅ ልናገር ወይስ እንደ ባለጉዳይ? ይህ ካልተወሰነ የመጀመሪያው መስመር አይመጣም። ከተወሰነ ደግሞ የቀረው ራሱ ይከተላል።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ገቢ ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ፋይል አወጣለሁ፣ ወደሚመለከተው ክፍል አደርሳለሁ። እዚያ ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አንድ ዓይነት ጥያቄ የያዙ ሁለት ደብዳቤዎች ይመጣሉ። አንዱ በዚያው ቀን ይመራል። ሌላው ጠረጴዛ ላይ ይሰነብታል። ልዩነታቸው ቃናቸው ብቻ ነው። ፍትሐዊ ነው አልልም። ባለጉዳይ አጻጻፉ ስላላማረ መብቱ ሊዘገይበት አይገባም። ግን ደብዳቤ የሚያነበው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይደክማል፣ ይከፋዋል፣ ይፈራል።

በቤተሰብ ደብዳቤ ልጀምር፤ ምክንያቱም ቃናን እዚያ ነው የተማርነው። የድሮውን አጀማመር የማያውቅ የለም። «ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር በጣም ደህና ነኝ።» ዛሬ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ሁሉም ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነበር፣ ግማሹ ሰላምታ ነበር ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ግማሹ ሰላምታ ነበር። ሰላምታው ግን ሥራ ነበረው።

ያ ደብዳቤ ለብቻ የሚነበብ አልነበረም። አገራችን ውስጥ ደብዳቤ በብዛት የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በቤት ቁጥር አይደለም። ሣጥን የሌለው ሰው በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም ሣጥን ባለው ዘመድ በኩል ይቀበላል። ስለዚህ ደብዳቤው ገና ከመከፈቱ በፊት መምጣቱን ብዙ ሰው ያውቃል። እናት ማንበብ ካልቻለች ተማሪ ልጅ ይጠራል። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ብዙ እናቶች ፊደል ከቆጠሩ በኋላም ይህ ልማድ ቶሎ አልጠፋም። ደብዳቤ የሰፈር ነበር።

ላኪው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ለዚህ ነው የየጎረቤቱን ስም እየጠራ «ሰላም በይልኝ» የሚለው። ስሙ የተዘለለ ሰው ቅር ይለዋል። ምስጢር የሆነ ነገር «ዝርዝሩን ስንገናኝ» ተብሎ ይታለፋል። የገንዘብ ጉዳይ ደብዳቤውን በያዘው ሰው በኩል በቃል ይላካል። አሁን የማደንቀው ይህንን ነው። ያ ጸሐፊ ምናልባት ስድስተኛ ክፍል እንኳ አልጨረሰ ይሆናል፤ ግን ደብዳቤው በማን አፍ፣ በማን ፊት እንደሚነበብ አስቦ ነበር የሚጽፈው።

«ደህና ነኝ» ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለው። በእኛ ልማድ መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ትልልቅ ሰዎችና ዘመድ ተሰብስበው ሄደው ነው የሚያረዱት። ይህ ልማድ ባሕር ተሻግሯል። ዋሽንግተን ዲሲም ሆነ ቤይሩት ያለ ሰው አባቱ ሲሞትበት በመጀመሪያ የሚነገረው ለእሱ አይደለም፣ ለጓደኛው ነው። ክፉ ወሬ እንደሚደበቅ ስለምታውቅም ደብዳቤ የተቀበለች እናት በመጀመሪያው መስመር የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ አለ ወይ? «ደህና ነኝ» እስኪነበብ ድረስ ትንፋሿን ትይዛለች። ያንን መስመር ዘሎ «እናቴ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» ብሎ የሚጀምር ልጅ ነገሩ የሥራ ዕድገት ቢሆን እንኳ ቤቱን ያስለቅሳል።

ለዚያ ጓደኛ የሚጻፈው መልእክትስ? እኔ ከማውቃቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ሰው ሁለት ስህተት ይሠራበታል። አንዳንዱ ያድበሰብሰዋል። «እንትን... ትንሽ ታመው ነበር... ጸልዩ» ይላል፤ ጓደኛውም ሞቱን ያውቅ አያውቅ ግራ ይገባዋል። ሌላው ደግሞ ሐዘኑን ሁሉ እዚያው ያፈስሰዋል። ተቀባዩ ግን በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ማጽናኛ አይደለም። የተሰጠው ሥራ ነው። ስለዚህ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል። «ወንድሜ፣ ይህን ስታነብ ብቻህን ሁን። የጓደኛህ አባት ማክሰኞ ማታ አርፈዋል። እሱ ገና አልሰማም። እሑድ ሥራ ስለማይገባ ትልልቅ ሰዎች ይዘህ ጠዋት ሂድለት። እስከዚያ ማንም ደውሎለት ወሬው እንዳያመልጠው እኛ እዚህ እንጠብቃለን።» አጭር ነው። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። አንድም የሐዘን ቃል የለበትም። ሆኖም የሚያነበው ሰው ርኅራኄውን ያገኘዋል፤ ስለ ሐዘንተኛው የታሰበውን ያያልና።

በአማርኛ ደብዳቤ ከአንድ ምርጫ ማምለጥ ይከብዳል። አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ? ግሡ ራሱ ይናገራል። «ላክልኝ» ወይም «ይላኩልኝ» ሳይሉ አንድን ሰው በቀጥታ መጠየቅ አይቻልም። በአፍ ስንነጋገር ፈገግታ አለ፣ መነሣት አለ፣ እጅ መንሣት አለ። «አንተ» ያልነው ሰው በፊታችን ሁኔታ ንቀት እንዳልሆነ ይረዳል። ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ የለም። ቃሉ ብቻውን ይቆማል።

ስለዚህ ተጠራጥሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ «እርስዎ» ነው። ከእርስዎ ወደ አንተ መውረድ ቀላል ነው፤ ሰውየው ራሱ «አንተ በለኝ» ይላል። ከአንተ ወደ እርስዎ መውጣት ግን ይከብዳል። ቅሬታው ቀድሞ ገብቷልና። ቢሮ ውስጥ ቡና አብረን የምንጠጣው የዕድሜ እኩያችን እንኳ በደብዳቤ «እርስዎ» ነው የሚባለው፤ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገብቶ ሌሎች ያነቡታል። ለመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ብዙ ቁጥሩ አለልን። «ትብብር እንድታደርጉልን» ብሎ መጻፍ ማንንም ሳያሳንስ ያልፋል።

አክብሮት ሁሉ ግን ከፍ ማድረግ አይደለም። እናቱን ዕድሜ ልኩን «አንቺ» ሲል የኖረ ልጅ ከውጭ አገር «እርስዎ» ብሎ ቢጽፍላት አትደሰትም። «ምን በደልኩት?» ትላለች። እዚያ ቤት ፍቅሩ የሚኖረው «አንቺ» ውስጥ ነው። አባቱን «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ለሚል ልጅ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚጻፍ ደብዳቤ የቤቱን አጠራር ይከተላል እንጂ የመጽሐፍ ሥርዓት አያስፈልገውም።

ከሁሉም የሚያስከፋው መሐል ላይ መቀየር ነው። መዝገብ ቤት ሳለሁ «ክቡር ሆይ» ብለው የሚጀምሩ ደብዳቤዎች ይመጡ ነበር። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ «እርስዎ» ነው። ሁለተኛው ላይ ንዴቱ ይመጣል። ሦስተኛው ላይ «አንተ ማን ስለሆንክ ነው» ይላል። ጸሐፊው እውነት ነበረው፣ በእርግጥም ተበድሎ ነበር። አንባቢው ግን ከዚያ ወዲያ ያቺን አንድ መስመር ነበር ለባልደረቦቹ የሚያሳየው። የተቀረው ሁለት ገጽ እንዳልተጻፈ ሆነ።

አሁን ወደ ቢሮ ደብዳቤ እንምጣ። ቅርጹን ሁላችን እናውቀዋለን። ቁጥር፣ ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ከሰላምታ ጋር፣ ግልባጭ። ቅርጹ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቃናውም አንድ ዓይነት ይመስላል። አይደለም። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አንባቢው እየተጠየቀ ይሁን እየታዘዘ የሚያውቀው እዚያ ሲደርስ ነው። «እንዲፈጸምልን እንጠይቃለን»፣ «እንዲፈጸም እናስታውሳለን»፣ «እንዲፈጸም እናሳስባለን»፣ «እናስጠነቅቃለን»። እነዚህ ደረጃ አላቸው። «እናሳስባለን» ላይ የሚጀምር ሰው ነገሩ ሳይሆን ሲቀር ከማስጠንቀቅ በቀር የሚወጣበት ደረጃ አይቀረውም። የመጀመሪያው ደብዳቤ «እንጠይቃለን» ማለት አለበት። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቁጥርና ቀን ጠቅሶ «እናስታውሳለን» ይላል። ቁጥርና ቀን መጥቀሱ ብቻውን በቂ ጫና ነው። ፋይሉን የሚያገላብጥ ሰው ይህ ባለጉዳይ ወረቀቱን እንደያዘ ያውቃል።

ግልባጩም ቃና ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ደብዳቤው በትሕትና ተጽፎ ከታች «ግልባጭ፦ ለዋና ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት» ከተባለበት ትሕትናው ፈረሰ። አንባቢው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ገና ሳልጠየቅ ተከሰስኩ ይላል። ከዚያ በኋላ ሥራውን ሳይሆን መከላከያውን ያዘጋጃል። መብት ነው፣ ግልባጭ ማድረግ ይቻላል። ቦታው ግን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ነው።

ባለፈው አንዲት ጎረቤቴ መጣች። የልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የአያቱ ስም ተሳስቷል። ማመልከቻ ጽፋ ይዛ ነበር። እንዲህ ይላል። «ክቡር ሆይ፤ እኔ ምስኪን እናት በእግርዎ ሥር ወድቄ፣ በወለዷቸው ልጆች ይዤዎት፣ እንባዬን እንዲያብሱልኝ እለምናለሁ።» ወንድሟ ደግሞ ሌላ ጽፎላታል። «ሠራተኞቻችሁ በግድየለሽነት ያበላሹት ሰነድ በአስቸኳይ ካልተስተካከለ ወደ ሕግ እንደምንሄድ እናስታውቃለን።» የቱ ይሻላል ብላ ነው የመጣችው።

ሁለቱንም አልናቅኳቸውም። የልመናው ቃና ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በንጉሡ ዘመን አቤቱታ የሚቀርበው ለአንድ ሰው ምሕረት ነበር። ሰው ወረቀቱን ይዞ ንጉሡ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ይቆም ነበር። ንጉሡ ራሳቸው እስከሚፈርዱበት ዙፋን ችሎት ድረስ ይደርስ ነበር። እዚያ «እግርዎ ሥር ወድቄ» ማለት ቦታው ነው፤ ጉዳዩን የሚወስነው የንጉሡ ፈቃድ ነውና። ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎችም ይህን ቋንቋ ይዘው ቆዩ፤ ከእነሱም ወደ እኛ ተሻገረ። የወንድሟም ቁጣ ምክንያት አለው። ሲመላለስ የሰለቸ ሰው ነው።

ግን ያንን ወረቀት የምትቀበለው የቢሮ ሠራተኛ ንግሥት አይደለችም። ምሕረት የማድረግ ሥልጣን የላትም። የምትፈልገው የትኛው ስም በየትኛው እንደሚተካና ማስረጃው ምን እንደሆነ ነው። ምናልባትም ስሙን በስህተት የጻፈችው እሷው ራሷ ናት። ስለዚህ ተቀምጠን እንዲህ ጻፍን። «በልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የአያት ስም ወልደ ማርያም መሆን ሲገባው ወልደ ሚካኤል ተብሎ ተጽፏል። የሆስፒታል ማስረጃና የአባቱን መታወቂያ ቅጂ አያይዣለሁ። ልጄ በመስከረም ትምህርት ቤት ስለሚመዘገብ ከዚያ በፊት እርማቱ ተደርጎ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

«ደረቅ አልሆነም ወይ?» አለችኝ። «ይዘኑልኝ እንጂ።»

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። «ተጽፏል» የምትለውን አሳየኋት። ማን እንደጻፈው አይናገርም። የተሳሳተችው ሠራተኛ አንብባው አትሸማቀቅም፣ ወዲያው ልታስተካክለው ትችላለች። «በመስከረም ትምህርት ቤት ይመዘገባል» የሚለው ደግሞ ልመናውን ሁሉ ይዟል። ልጅ ያለው ሰው ያነበዋል፣ ይገባዋል። እንባ የሚል ቃል ሳይኖርበት እናቲቱ አለች። እኔ ደብዳቤ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ መስመር እንዲኖር አጥብቄ እፈልጋለሁ። አንድ ብቻ። ሁለት ሲሆን ልመናው ይመለሳል።

ደብዳቤ ጻፊው ብቻ አይደለም ቃና የሚመርጠው። መልስ ሰጪውም ይመርጣል፤ አለመመለስም ምርጫ ነው። በታሪካችን ውስጥ ይህን ሳስብ የአፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ይመጣብኛል። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። በሥላሴ ስም ይጀምራል። እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሣቸው ይናገራል። ስለ ቱርኮች ያነሣል፣ መልእክተኞቻቸው በሰላም የሚያልፉበትን መንገድ ይጠይቃል። ትሕትና አለው፤ ትሕትናው ግን ለፈጣሪ ነው። ለንግሥቲቱ የሚናገሩት እንደ ክርስቲያን ለክርስቲያን፣ እንደ ንጉሥ ለንጉሥ ነው። ለእኔ ይህ ቃና ከፍተኛ ብስለት ነው። አይለማመጥም፣ አይዝትም።

ደብዳቤው ለንደን ደረሰ። መልስ ግን አልተጻፈለትም። በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በቴዎድሮስ ትእዛዝ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ነው መልስ የተዘጋጀው፤ ያም በእንግሊዝ መልእክተኛው በሆርሙዝ ራሳም እጅ ቴዎድሮስ ዘንድ የደረሰው በ1858 ዓ.ም. ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ጦርነቱ በአንድ ደብዳቤ መዘግየት ብቻ መጣ አልልም፤ ብዙ ነገር ነበረው። ነገር ግን እንደ እኩያ የጻፈን ንጉሥ መልስ መንሳት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰላምታ ሰጥተኸው ያለፈህን ሰው አትረሳውም።

መዝገብ ቤት ሳለሁ «ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የምትለዋን አጭር መልስ ለመላክ እንኳ ስንት ሰው እንደሚሰንፍ አይቻለሁ። ባለጉዳዩ ግን ያቺን ወረቀት በፕላስቲክ ከረጢት አጥፎ ይዟት ይዞር ነበር። ጉዳዩ ገና አልተፈጸመም። ሰው እንደቆጠረው ግን አውቋል።

እምቢታም እንዲሁ ነው። ከቢሮው እምቢታ የዘመድ እምቢታ ይከብዳል። ውጭ ያለ ሰው አገር ቤት ካለ የአጎቱ ልጅ የገንዘብ ጥያቄ ይደርሰዋል። የለውም፣ ወይም የሚበቃውን ያህል የለውም። ብዙዎች ዝም ይላሉ። አንዳንዶች ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ግብር ሁለት ገጽ ያስረዳሉ። አንባቢው የኪራዩን ዋጋ በብር መትቶ «ይህን ያህል እየከፈለ የለኝም ይላል» ማለቱ አይቀርም። ማብራሪያው ራሱ ቅሬታ ይወልዳል።

እኔ ብሆን ሰላምታውን ሙሉ አድርጌ፣ ልጆቹን በየስማቸው ጠይቄ፣ ቶሎ ወደ ነገሩ እገባለሁ። «የጠየቅኸኝን ዘንድሮ አልችልም። ይህን ስጽፍልህ ከብዶኛል። የልጆቹን የመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም ግን ለእኔ ተወው፣ በነሐሴ እልካለሁ።» «አልችልም» የሚለው ቃል ግልጽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሰውየው ሌላ በር እንዲያንኳኳ ጊዜ ይሰጠዋል። የሚቻለው ነገር ደግሞ ወር ተቆርጦለት ይከተላል። «እስኪ እናያለን» የሚባል ነገር አይገባበትም፤ ያ ቃል ችግር ላይ ያለን ሰው ለወራት ደጅ ያስጠናል።

ይህን መልእክት በቴሌግራምም ብልከው ለአጎቴ ልጅ ብቻ እንደማይደርስ አስባለሁ። ስልኩን ሚስቱም ልጆቹም ያነሡታል። ስለዚህ የጠየቀኝን ገንዘብ መጠንም ሆነ ለምን እንደፈለገው እዚያ ላይ አልጽፍም። እሱን ደውዬ እነግረዋለሁ።